ከሳፋሪ ራሊ እስከ ግሮጋን፦ ቱርቦ ሱባሩና የናይሮቢ መካኒኮቻችን

የማኅበራችን የሃያ አምስተኛ ዓመት መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ በሙያዬ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ በደስታ ነው የተቀበልኩት። ስለ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ስለ እድሩና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ከእኔ የተሻሉ ጸሐፊዎች በዚሁ መጽሔት ጽፈዋል። እኔ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። በናይሮቢ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራና ጓርኒሲዮን ስሸጥ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የማውቀውን እጽፋለሁ። ይኸውም ቱርቦ ያላቸውና በአራቱም ጎማ የሚነዱ አሮጌ መኪኖች እንዴት ወደዚህ አገር እንደመጡ፣ ጉልበት እንዲጨምሩ እንዴት እንደተነካኩና በዚህ ሥራ ውስጥ የእኛ ሰዎች ምን እንደሠሩ ነው። አንባቢ «ይህ ከማኅበራችን ታሪክ ጋር ምን አገናኘው?» ቢል አልፈርድበትም፤ እስከ መጨረሻው ቢታገሠኝ ግን ግንኙነቱን ያገኘዋል። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

መነሻው ሳፋሪ ነው

ናይሮቢ ውስጥ ስለ መኪና ሲወራ ሳፋሪ ራሊን ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም። ውድድሩ የተጀመረው በ1953 ሲሆን ምክንያቱም የእንግሊዟ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል ነበር። መንገዱም በኬንያ፣ በኡጋንዳና ያኔ ታንጋኒካ በምትባለው አገር ያልፍ ነበር። ከ1973 እስከ 2002 የዓለም ራሊ ሻምፒዮና አካል ሆኖ ከቆየ በኋላ ተቋርጦ በ2021 እንደገና ተመልሷል። ለብዙ ዓመታት የሚካሄደው በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን ስለነበር ሕዝቡ ሥራ ፈቶ በየመንገዱ ዳር ይሰለፋል።

በሳፋሪ ፈጣን መኪና ብቻውን አያሸንፍም። አቧራው፣ ጭቃው፣ ድንጋዩና ርቀቱ መኪናን ይፈትናል። ጆጊንደር ሲንግ የተባለው ኬንያዊ ሦስት ጊዜ፣ ሼካር ሜህታ ደግሞ አምስት ጊዜ ያሸነፉት መኪናቸውን ሳይሰብሩ መንዳት በማወቃቸው ጭምር ነው። ቱርቦ ያለው መኪና መጀመሪያ ያሸነፈው በ1984 ነው፤ እሱም ቶዮታ ሴሊካ ሲሆን በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳ ነበር። ቱርቦና የአራት ጎማ ነጂነት በአንድ መኪና ላይ ተጣምረው ያሸነፉት በ1987 ሃኑ ሚኮላ በአውዲ 200 ኳትሮ ሲመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ላንቺያ ዴልታ ኢንተግራሌ በ1988፣ በ1989ና በ1991 አሸነፈ። ቶዮታ ሴሊካ በአራት ጎማ ነጂነትና በቱርቦ በ1990ና ከ1992 እስከ 1995 በተከታታይ አሸነፈ፤ ከእነዚህ መካከል የ1994ቱን ያሸነፈው የኬንያው ተወላጅ ኢያን ደንካን ነው። ሚትሱቢሺ ላንሰር በ1996 በቶሚ ማኪነን መሪነት ተከተለ።

ሱባሩ ሌጋሲ አር ኤስ የተባለውን መኪናውን ለዓለም ሻምፒዮና መጀመሪያ ያሰለፈው እዚሁ በ1990 ሳፋሪ ላይ ነበር። ኮሊን ማክሬ በኢምፕሬዛ በ1997፣ ሪቻርድ በርንስ ደግሞ በ2000 አሸንፈዋል። የኬንያው ፓትሪክ ንጂሩም በሱባሩ ስሙን ያስጠራ ሰው ነው። የናይሮቢ ወጣት ሌላውን ሁሉ ትቶ ሱባሩን የወደደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛ የራሱን አገር ሰው መሪው ላይ አየ፤ ሁለተኛ ደግሞ በቴሌቪዥን ያየውን መኪና የሚመስል በሰፈሩ ቆሞ አገኘ። ላንቺያን ግን በሰፈሩ አላገኘም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ውድድሩን የሚያስተዳድረው አካል መኪኖቹ ከልክ በላይ እንዳይፈጥኑ ብሎ ከ1995 ጀምሮ ወደ ቱርቦው የሚገባው አየር በ34 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብቻ እንዲያልፍ ደነገገ። በዚያው ዓመት የቶዮታ የውድድር ቡድን ከቀዳዳው ውጪ አየር የሚያሾልክ በጣም ረቂቅ ዘዴ ሠርቶ ተገኘና ነጥቡ ተሰርዞበት ለአንድ ዓመት ታገደ። ይህን የምጽፈው ቶዮታን ለማማት አይደለም፤ ቶዮታ ለእኔ እንጀራዬ ነው። ለቱርቦ ሞተር አየር ማለት ጉልበት ማለት መሆኑን ለማስረዳት ነው።

መኪኖቹ እንዴት መጡ?

ጃፓን እንደ ኬንያ በግራ በኩል የሚነዳ አገር ነው፤ መሪውም በቀኝ ነው። ስለዚህ ከጃፓን በሁለተኛ እጅ የሚወጣው መኪና ምንም ሳይለወጥ በሞምባሳ ወደብ በኩል ይገባል። አገራችን ግን በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ መንጃ ስለተዛወረች እነዚህ መኪኖች አዲስ አበባ ውስጥ አይገኙም ማለት ይቻላል። አዲስ የመጣ ዘመድ ሱባሩ ሲያይ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ሞተሩ ተኝቷል እኮ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሞተሩ የተኛ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት በግራ ሁለት በቀኝ ተጋድመው ፒስቶኖቹ እንደ ቡጢኛ ይገፋፋሉ። ክብደቱ ወደ መሬት የቀረበ ስለሆነ መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ ላይ አይዋልልም።

ሌጋሲ የወጣው በ1989 ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር ፋብሪካው ቱርቦ ሌጋሲዎችን አሜሪካ አሪዞና ውስጥ 100,000 ኪሎ ሜትር ያለማቋረጥ አስነድቶ በሰዓት በአማካይ 223 ኪሎ ሜትር በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። ወደ 19 ቀን የፈጀ ነበር። የሌጋሲ አር ኤስ ሞተር ሁለት ሊትር ሲሆን ጉልበቱ 220 የፈረስ ጉልበት ነው። በ1992 የወጣው ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ደግሞ 240 ነበረው። ይህ እንግዲህ ማንም ሳይነካው፣ በጃፓን ቤንዚን፣ በጃፓን ጠፍጣፋ መንገድ ነው።

ናይሮቢ ገብተው በብዛት የታዩት ከዘጠናዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። ሰሌዳቸው በኬ ኤ የሚጀምር ነው። በኋላ መንግሥት ዕድሜው ከስምንት ዓመት በላይ የሆነ መኪና እንዳይገባ ሲከለክል እነዚያ የዘጠናዎቹ ሱባሩዎች የመጨረሻዎቹ ሆነው ቀሩ። የተሰበረው ሲሰበር ሌላ አይተካም። ዋጋቸውም ፍቅራቸውም የጨመረው በዚህ ነው።

የእኛ ሰዎች

በ1991 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ብዙዎቻችን በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ እንደገባን የሚታወቅ ነው። አንዳንዱ በዋልዳ ካምፕ፣ ኋላም በካኩማ ከርሞ፣ አንዳንዱ በቀጥታ ወደ ናይሮቢ መጣ። ከመጡት መካከል የጦር ሠራዊቱ የከባድ መኪና መካኒኮች ነበሩ። ኡራልና ፊያት ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የሥራ ፈቃድ ስላልነበራቸው ኪሪንያጋ ጎዳና ላይ፣ ሕዝቡ በድሮ ስሙ ግሮጋን እያለ በሚጠራው ሰፈር፣ በሌላ ሰው ጋራዥ ውስጥ በቀን ሂሳብ ይሠሩ ነበር። ኬንያውያን በፀሐይ ላይ የሚሠራውን ባለሙያ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው። የእኛዎቹም ፀሐዩን ተጋርተዋል። በጋራዡ በር ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ግን ስማቸው የለም። ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ስለ ቱርቦ መኪና አሠራር የሚያወሩ ሰዎች የብዙዎችን ስም ሲጠሩ የእነዚህን አይጠሩም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከእነሱ አንዱን በሰፊው አነሣለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ሁላችንም በምንጠራቸው ማዕረግ ሃምሳ አለቃ እላቸዋለሁ። ሃምሳ አለቃ ስዋሂሊን ሳይማሩ መኪናን ተግባቡ። የኬንያ ፉንዲዎች የመኪና ዕቃን በእንግሊዝኛ ይጠራሉ። የእኛ መካኒኮች ግን ከጣሊያን በወረስነው ስም ነው የሚጠሩት፦ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ቢዬላ። አንድ የኪኩዩ ልጅ ከሃምሳ አለቃ ጋር ስድስት ወር ሠርቶ ወደ ሱቄ ሲመጣ «ጓርኒሲዮን ስጠኝ» ብሎ ጠየቀኝ። የጃፓን መኪና በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር በጣሊያንኛ ሲጠገን ማየት ያስቃል፤ ዕቃው ግን ትክክለኛው ዕቃ ነበር።

ጉልበት የመጨመር ሥራ

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የሚያሽከረክረው፣ በሌላ ጫፉ ንጹሕ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ማራገቢያ ነው። አየር በበዛ ቁጥር ቤንዚን ይበዛል፣ ጉልበትም ይጨምራል። ፋብሪካው የአየሩን ግፊት የሚወስን ትንሽ በር ሠርቶለታል፤ ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ በሩ ተከፍቶ ትርፉ ጭስ ማራገቢያውን ሳይነካ ያልፋል። ይህን በር ዘግይቶ እንዲከፈት ማድረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ናይሮቢ ውስጥ «ቡስት ማስጨመር» የተባለው ፋሽን ይህ ነበር። ወጣቱ ጥቂት ሺህ ሺሊንግ ይከፍላል፣ መኪናው ይፈጥናል፣ ማርሚታው ይጮኻል፣ ሰፈሩ አይተኛም። ከጥቂት ወር በኋላ ወደ ሱቄ ይመጣና ፒስቶን ይጠይቃል።

ለምን ይሰበራል? ሦስት ምክንያት አለው፤ ሦስቱንም ያስተማሩኝ ሃምሳ አለቃ ናቸው።

የመጀመሪያው ከፍታው ነው። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። የአየሩ ግፊት ሞምባሳ ላይ ካለው ወደ 82 በመቶ ያህል ነው። (አዲስ አበባ ላይ ከዚህም ያንሳል፤ ወደ 76 በመቶ ነው።) ቱርቦ የሌለው መኪና ናይሮቢ ሲወጣ ይደክማል፤ ቱርቦ ያለው ግን አይደክምም መስሎ ይታያል። የማይደክመው ግን ማራገቢያው የበለጠ ስለሚደክም ነው። ሞምባሳ ላይ አየሩን 1.7 ጊዜ ያህል ጨምቆ የሚያገኘውን ግፊት ናይሮቢ ላይ ለማግኘት ከሁለት ጊዜ በላይ መጨመቅ አለበት። ስለዚህ የበለጠ ይሽከረከራል፤ የጨመቀው አየርም የበለጠ ይግላል። የጋለ አየር ደግሞ ሞተሩን ያንኳኳል። ጃፓን ውስጥ የተጻፈ መጽሔት አንብቦ «እዚያ ይህን ያህል ቡስት ይቻላል፣ እኔም ላድርግ» የሚል ሰው ናይሮቢ ተራራ ላይ መሆኗን ረስቷል።

ሁለተኛው ቤንዚኑ ነው። የጃፓን ቱርቦ መኪኖች የተቀመሩት ኦክታኑ እስከ 100 ለሚደርስ ቤንዚን ነው። በናይሮቢ ማደያ ዘወትር የሚገኘው ሱፐር ከ93 እስከ 95 ነው። ኦክታኑ ያነሰ ቤንዚን ሳይታዘዝ ይቀጣጠላል። በመዶሻ እንደሚመታ ድምፅ ሲሰማ እሳቱ ፒስቶኑን እየደበደበ ነው ማለት ነው። በሱባሩ ሞተር መጀመሪያ የሚሰበረው በፋሻዎቹ መካከል ያለው ቀጭኑ የፒስቶን ግድግዳ ነው። በዚያ ላይ እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ ቤንዚኑ እርሳስ የተቀላቀለበት ነበር። እርሳሱ በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የኦክስጅን መለኪያ ስለሚገድለው ኮምፒውተሩ ቤንዚኑ መብዛቱን ወይም ማነሱን ማወቅ ያቅተዋል። ከ2006 መጀመሪያ ጀምሮ እርሳስ ያለው ቤንዚን ከአካባቢያችን ሲጠፋ ብዙ መኪና ያለ ሐኪም ዳነ።

ሦስተኛው ልኩ ነው። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ሲደርሰው ሁለቱም ሳይተርፉ ይቃጠላሉ። ቱርቦ ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ግን ቤንዚኑ እንዲያቀዘቅዘው ጭምር ስለሚፈለግ አየሩ ወደ 11.5 ኪሎ ገደማ መውረድ አለበት። አየሩን ጨምሮ ቤንዚኑን አለመጨመር ማለት ሞተሩን በደረቁ ማቃጠል ነው። ፋብሪካው ይህን አውቆ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ቤንዚን እንዲቆርጥ አድርጎታል። አንዳንዱ መካኒክ ታዲያ «መኪናው ይደናቀፋል» ብሎ ይህንኑ መቁረጫ ያታልለዋል። ዘበኛን አስክሮ ቤት እንደመክፈት ነው።

ስለ አራት ጎማ ነጂነትም አንድ ነገር ልጨምር፤ በሱቄ በየሳምንቱ የሚያጋጥመኝ ነውና። በእነዚህ መኪኖች መሐል ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎችን ፍጥነት የሚያስታርቅ ዲፈረንሺያል አለ። ሰው ገንዘብ ሲያጥረው ሁለት አዲስ ጎማ ይገዛና ሁለቱን አሮጌ ይተዋቸዋል። አዲሱና ያለቀው ጎማ ዙሪያቸው እኩል ስላልሆነ መሐል ያለው ዕቃ ቀን ከሌት ሲጋጭ ይውልና ይቃጠላል። ከዚያ ሰውየው የጎማውን ሦስት እጥፍ ከፍሎ ካምቢዮ ይገዛል። ካምቢዮውም ራሱ ደካማ ነው። ጉልበት የተጨመረበት ሱባሩ ከቆመበት በድንገት ሲነሣ አራቱም ጎማ መሬት ስለሚቆነጥጥ መንሸራተት አይችልም፤ ኃይሉ መውጫ ሲያጣ የማርሽ ጥርስ ያራግፋል።

የ2009 ነገር

በ2009 የማኅበራችን አባላት ልጅ የሆነ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ከሊሙሩ ወደ ናይሮቢ ሲወርድ በራሱ ሌጋሲ ሕይወቱ አለፈ። የቤተሰቡን ኀዘን እንደገና ላለመቀስቀስ ስም አልጠራም፤ አባትየው ግን ነገሩ እንዲጻፍ ፈቅደውልኛል። ከሁለት ወር በፊት መኪናው ጉልበት ተጨምሮለት ነበር። የጨመረለት ደግሞ ከእኛው መካኒኮች አንዱ ነው። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያ መካኒክ በአንድ ጥግ ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ማንም ምንም አላለውም፣ ማንም ደግሞ አጠገቡ አልተቀመጠም።

ከሰልስቱ በኋላ አባትየው ሃምሳ አለቃን ጠርተው «መኪናውን ከፖሊስ አውጥቼ እሰጣችኋለሁ፤ ፈታችሁ ምን እንደሆነ ንገሩኝ» አሏቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰባት መካኒኮች ተሰብስበው ፈቱት። እኔም ዕቃ ነጋዴ ስለሆንኩ ቆሜ አይቻለሁ። ሞተሩ ፍጹም ደኅና ነበር። ፒስቶኑ፣ ቢዬላው፣ ቱርቦው እንከን አልነበረባቸውም፤ ሥራው በሙያ የተሠራ ነው። ፍሬኑ ግን መኪናው ከጃፓን ሲመጣ የነበረው ነው። ሸራው ከግለት ብዛት እንደ መስታወት ተወልውሏል። የፍሬን ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ይስባል። አዲሱ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ የጠጣው ግን ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም። ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም።

ሃምሳ አለቃ ሄደው ለአባትየው ይህንኑ ነገሯቸው። አልሸፋፈኑትም። አባትየውም ዝም ብለው ሰምተው «እንግዲህ ሌሎቹን ልጆች ጠብቁ» ብቻ አሉ።

ከዚያ በኋላ በመካኒኮቻችን መካከል የተነሣው ክርክር ለወራት የቆየ ነው። ግማሾቹ «ከዛሬ ጀምሮ የማንንም መኪና ጉልበት አንጨምርም፤ የሰው ነፍስ ነው» አሉ። ሃምሳ አለቃ ግን አልተስማሙም። «እኛ እምቢ ብንል ልጆቹ ይተዉታል? ግሮጋን ላይ በአምስት ደቂቃ የሚጨምርላቸው ሞልቷል። እኛ ጋ ሲመጡ ቢያንስ ፍሬናቸውን እናያለን» የሚል ነበር ክርክራቸው። በእኔ አስተያየት ትክክሉ እሳቸው ናቸው። እምቢ ያሉት ሰዎች ኅሊናቸውን ጠበቁ፤ ልጆቹን ግን ሌላ ሰው እጅ ላይ ጣሏቸው። ይህን የምለው ሁለቱንም ወገን እያከበርኩ ነው፤ ከእምቢተኞቹ አንዱ ያ በድንኳኑ ጥግ የተቀመጠው መካኒክ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቱርቦ ነክቶ አያውቅም፤ አሁን የሚሠራው የናፍጣ ሚኒባስ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሃምሳ አለቃና የተስማሟቸው አራት መካኒኮች ሥራውን በቅደም ተከተል ሊሠሩ ቃል ተገባቡ። መጀመሪያ ፍሬን፦ ዘይቱ፣ ሸራው፣ ጎማ ቧንቧው ሁሉ አዲስ። ቀጥሎ አራቱም ጎማ እኩልና ሞላዎቹ ደኅና። ከዚያ ራዲያተር፣ የውኃ ፖምፓና የሞተሩ ቺንጋ። ከዚያ የነዳጅ ፖምፓና ኢንጀክተር። ከዚያ የጭስ ማውጫውና አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር። ኮምፒውተሩን ማስተካከልና ግፊቱን መጨመር የመጨረሻው ነው፤ እሱም ልኩን የሚያሳይ መለኪያ ተገጥሞ፣ ወደ ላይ እየወጡ በሊሙሩ ከፍታ ላይ ተፈትኖ ነው።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያው የተሠራው በ2011 የአንድ የታክሲ ሹፌር ልጅ ነጭ ሌጋሲ ነው። ሰባት ወር ፈጀ፤ ልጁ በየወሩ ሲያገኝ እየከፈለ፣ እኔም በዱቤ ዕቃ እየሰጠሁ። አምስት ወር ሙሉ አንዲት የፈረስ ጉልበት አልተጨመረለትም። አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ አፍስሼ መኪናዬ እንደ ድሮው ነው እኮ የሚሄደው» ብሎ ለሃምሳ አለቃ ቅሬታውን ነገራቸው። «አዎ ልጄ፣ ግን አሁን ይቆማል» አሉት። ሥራው ሲያልቅ መኪናው በጃምሁሪ ፓርክ የአቧራ ውድድር ላይ ተሳትፏል። አላሸነፈም። ግን በራሱ ጎማ ሄዶ በራሱ ጎማ ተመለሰ፤ ከጎኑ የተሰለፉት ሁለት መኪኖች ተጎትተው ነው የወጡት።

ስንት መኪና በዚህ መንገድ እንደተሠራ ሃምሳ አለቃ በደብተራቸው መዝግበዋል፤ አሥራ አንድ ናቸው። ከአሥራ አንዱ ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት አራት ናቸው። ሁለቱ ተሸጠው ወደ ኡጋንዳ ሄደዋል፣ የቀሩት ዕቃ በማጣት ቆመዋል። የመጀመሪያው ትውልድ ሌጋሲ ካምቢዮ አሁን ቢገኝም ያገለገለ ነው፤ ከዱባይ ሳስመጣ ሦስት መርጬ አንዱን ነው የምወስደው። ከአሥራ አንዱ በፍሬን ችግር አደጋ የደረሰበት የለም። ሰው ነውና ሌላ አደጋ ደርሷል፤ አንደኛው ማቻኮስ መንገድ ላይ ከላም ጋር ተጋጭቷል።

ሃምሳ አለቃ በ2014 በሠፈራ ፕሮግራም ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ ሄደዋል። እዚያ ዕድሜያቸው ስለገፋ መካኒክነት አልሠሩም፤ አንድ መጋዘን ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ደብተሩን ለእኔ ትተውልኛል፤ በሱቁ ከገንዘብ ሳጥኑ ሥር ይገኛል። በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ጣሊያንኛው፣ አማርኛውና የጃፓን ዕቃ ቁጥሩ በአንድ መስመር ላይ ተቀላቅሏል። ማየት ለሚፈልግ የማኅበሩ ወጣት ክፍት ነው፤ ከሱቅ ማውጣት ግን አልፈቅድም።

አሁን የናይሮቢ ልጆቻችን የሞተሩን ድምፅ በስልክ ቀድተው ይልኩላቸዋል። እሳቸውም ለሊት በእኛ አቆጣጠር፣ እዚያ ገና ሲመሽ፣ አዳምጠው ይመልሳሉ። ባለፈው ወር የነጩ ሌጋሲ ባለቤት፣ አሁን እሱም የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚያንኳኳ ድምፅ ልኮላቸው ነበር። መልሳቸውን እኔም ሰምቼዋለሁ። «የሦስተኛው ቢዬላ ብሮንዚን ነው። አትንዳው። ዘይቱን ቅዳና በነጭ ጨርቅ አጥልለው፤ ቢጫ ብናኝ ካየህ ሞተሩን አውርድ። ፍሬኑን መቼ ነው የቀየርከው?»